ከክፍሉ የማይወጣ ቪዲዮ

የሴትየዋን ፊት አይቼው አላውቅም። ጉበቷን ግን አውቀዋለሁ። ጠርዙ ሹል፣ ላዩ ለስላሳ፣ ቀለሙ ያማረ ጉበት ነበራት። ከሥሩ የሐሞት ከረጢቷ ተንጠልጥሏል፤ ስስ፣ ብዙም ያልተቆጣ፣ በዙሪያው ካለው ሥጋ ጋር ያልተጣበቀ። መጀመሪያ ሳየው «ምነው እንዲህ ያለ ቀላል ሥራ ለእኔ በደረሰኝ» ብያለሁ። ይህን ያልኩት ሴትየዋ ከተቀበረች በኋላ ነው። ቪዲዮውን ያየነው እሷ ከሞተች በኋላ ነበርና።

የቀዶ ጥገና ሐኪም ነኝ። የምሠራው የካ ውስጥ ባለ አንድ ሆስፒታል ነው፤ ስሙ ይቅር። እኛ ዘንድ በካሜራ የሚሠራ ቀዶ ጥገና ከመጣ ወዲህ የብዙ ሰው ሆድ መቀደድ ቀርቶለታል። በትንንሽ ቀዳዳዎች ካሜራና ረጃጅም መሣሪያዎች እናስገባና ዓይናችንን ስክሪን ላይ ተክለን እንሠራለን። ካሜራው የሚያየውን ሁሉ መቅዳት እንደሚቻል ያወቅኩ ቀን ነው እኔ ነገር መፈለግ የጀመርኩት።

እኔ በተማርኩበት ጊዜ ቀዶ ጥገና መማር ማለት ከአስተማሪ ጀርባ መቆም ማለት ነበር። የአስተማሪዎቼን ማጅራት አንድ በአንድ መለየት እችላለሁ፤ እጃቸው ምን ይሠራ እንደነበር ግን እግዜር ይወቅ። ነገር ሲበላሽ ደግሞ ተሰብስበን እናወራለን፣ ሁሉም የሚያወራው ከትዝታው ነው። ከትዝታው የሚያወራ ሰው ራሱን ጥፋተኛ አድርጎ ሲያወራ ሰምቼ አላውቅም። በሽተኛዋ ወፍራም ነበረች፣ መብራቱ ደካማ ነበር፣ ደሙ ከየት እንደመጣ አልታወቀም። እኔም እንደዚያው አውርቻለሁ። ስለዚህ የምንሠራውን ሁሉ እንቅረጽ፣ በሳምንት አንድ ቀን ተቀምጠን እንየው አልኩ።

ታላላቆቼ ጆሯቸው ቆመ። አንዱ በኮሪደሩ መሀል አስቁሞኝ «ፖሊስ ጣቢያ ተቀጠርሽ እንዴ?» አለኝ። ሌላው ሰላምታ ነሳኝ። የእልኸኛ ነገር፣ ለብዙ ወር ያየነው የእኔን ሥራ ብቻ ነው፤ የእኔን መቸኮል፣ የእኔን ማመንታት፣ ደም አልቆም ሲለኝ መሣሪያ ተሳስቼ ማስገባቴን። ወጣቶቹ አፋቸውን ይዘው ይስቁብኝ ነበር። ይሳቁ። ቀስ በቀስ ሌሎቹም መጡ።

የመጡት ግን በቃል ኪዳን ነው። ዕቃ ማስቀመጫ የነበረች ጠባብ ክፍል ሰጡን። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ እዚያ እንሰበሰባለን፣ በሩ ይዘጋል፣ ስልክ ይጠፋል፤ መብራት ካልሄደብን እናያለን። የበሽተኛ ስም የለም፣ የሐኪም ስም የለም። እዚያ የታየ እዚያ ይቀራል። አንድ ሌላ ልማድም አወጣን፤ እዚያ ክፍል ውስጥ ማንም ማንንም «አንተ እንዲህ አደረግህ» አይልም። «እጁ» ነው የምንለው። «እጁ እዚህ ጋ ቸኮለ»፣ «እጁ ሳያይ ያዘ» እንላለን። የማን እጅ እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን፣ ባለቤቱም አጠገባችን ተቀምጧል። ቢሆንም ጠቅሟል። ሰው ስለ እጁ ሲሆን እውነቱን ለመናገር ይቀለዋል።

የዚያችን ሴት ቪዲዮ ያመጣው እጁ የተሳሳተው ባልደረባዬ ራሱ ነው። ከእኔ በዕድሜ ያንሳል፤ ከተማሪዎቼ አንዱ ነበር፣ ከሁሉም ረጋ ያለው። ማንም አላስገደደውም። ሐሙስ መጣ፣ በሩን ዘጋ፣ «ይህን እንየው» አለ፣ ከስክሪኑ አጠገብም ቆመ።

የሐሞት ከረጢት ሲወጣ የሚቆረጡት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ ከከረጢቱ የሚወጣው ቀጭን ቱቦና አንድ ትንሽ የደም ሥር። በቅርብ ርቀት ላይ ደግሞ ፈጽሞ መነካት የሌለበት ዋናው የሐሞት ቱቦ አለ። ከረጢቱን ጠበቅ አድርገው ሲስቡት ዋናው ቱቦ አብሮ ይሳብና ቀጭኑን ይመስላል። ለእጁ መሰለው። መቆንጠጫውን አንድ ቦታ አደረገ፣ ሌላ ቦታ አደረገ፣ በመሀሉ ቆረጠ። አረንጓዴ ፈሳሽ ጠብ አለ። ያኔ ማንም አላየውም፤ እኛ ግን ወንበራችን ላይ ተቀምጠን አየነው። ከዚያ በኋላ ሐሞቱ ሆዷ ውስጥ ሲንጠባጠብ ሰነበተ፣ ሆዷ ተቆጣ፣ እንደገና ተከፈተች፣ ኩላሊቷ እምቢ አለ። ልጅ አሳድጋ የጨረሰች፣ ገና ጥርሷ ያልተነቃነቀ ሴት ናት እንዲህ የሄደችው።

ባልደረባዬ ቪዲዮውን ወደኋላ መልሶ ያቺን ቅጽበት ደግሞ አሳየን። «እጁ እዚህ ጋ እርግጠኛ ነበር» አለ። «የሚያስፈራኝ ይሄ ነው። እዩት፣ ትንሽ እንኳን አልተጠራጠረም።» ድምፁ አልተንቀጠቀጠም። ቪዲዮው ካለቀ በኋላ ግን መቀመጥ አቃተው፤ ሰዉ እስኪወጣ ድረስ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ቆመ።

ከዚያ ቀን ወዲህ አንድ አሠራር ተለወጠ። የሐሞት ከረጢት ስንሠራ፣ ከመቁረጣችን በፊት እጅ ይቆማል። ሠሪው የሚቆርጣቸውን ሁለቱን ነገሮች ጮክ ብሎ ይጠራል፤ ረዳቱ ይደግማል፤ መሣሪያ የምታቀብለው ነርስም አይታ «ይታየኛል» ካላለች መቀስ አትሰጥም። ጥቂት ሳይቆይ አንዷ ተለማማጅ ሐኪም ልትቆርጥ ቆማ ስትጠራ አንደኛው ቱቦ አልታያት አለ። መቀሱን መለሰች፣ እኔን አስጠራችኝ። ገብቼ ሳየው ልትቆርጠው የነበረው ዋናውን ቱቦ ነው። ሰውየው በማግስቱ በእግሩ ሄደ፤ ምን እንዳለፈው ሳያውቅ። እኔ ግን ቤቴ ገብቼ ጫማዬን ሳላወልቅ አለቀስኩ። የሞተችው ሴት ሰው አዳነች፣ ይኸው በቃ ሥራው ሠራ ብዬ ነው።

ልጅቷ የመጣችው በዚያው ሰሞን ነው።

ጥቁር ለብሳለች፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ደርባዋለች። ኮተቤ ዩኒቨርሲቲ አስተማሪ ለመሆን የምትማር ልጅ ናት፤ ይህን የነገረችኝ ገና ሳትቀመጥ ነው፣ እንደ ምስክር ወረቀት። ከዚያ የእናቷን ስም ጠራችልኝ። ስሙን የዚያን ቀን ነው የሰማሁት። የታከመችበትን ወር ስትነግረኝ ግን ማን እንደሆነች ገባኝ።

«የእናቴን ቪዲዮ ፈልጌ ነው የመጣሁት፣ ዶክተር።»

«የምን ቪዲዮ?» አልኳት፣ እያወቅኩ።

«ኦፕራሲዮን ስትሆን የተቀረጸውን። የፈቃድ ወረቀቱን ያነበብኩላት እኔ ነኝ። ‹ሆዴን ለማየት ይሄን ሁሉ ልመና? ይዩት እንጂ፣ የተደበቀ ነገር የለበት!› ብላ ስቃ ነው የፈረመችው።»

«ምን ያደርግልሻል?»

«ለአባቴ ላሳየው ነው።»

ከዚያ ነገረችኝ። ቤታቸው እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ሥር ነው። እናቷ ጉልት ትቸረችር ነበር፤ አባቷ በፊት ገበሬ፣ አሁን አጣና ሻጭ ነው። እናቷን ጎኗን ሲያማት አባቷ ጸበል አስገባት። ልጅቷ ሐኪም ቤት እንውሰዳት ስትል «ትንሽ እንያት» እያለ፣ ሱባዔውን ትጨርስ እያለ፣ ዛሬ ሻል ብሏታል እያለ ብዙ ሳምንት አስቆያት። በመጨረሻ እሷ ኮንትራት ታክሲ ይዛ ወጥታ እናቷን በግድ ይዛት ወረደች። ከዚያ ኦፕራሲዮኑ፤ ከዚያ ሞት። መርዶውን የነገራቸው ሐኪም በር ላይ ቆሞ «ዘግይታችሁ ነው ያመጣችኋት» አላቸው።

«ሁሉም ሰምቷል» አለች። «አጎቶቼ፣ ጎረቤቱ። ለቅሶው ላይ ማንም ከእሱ አጠገብ አልተቀመጠም። እኔም ከዚያ ቀን ጀምሮ አላነጋገርኩትም፤ አክስቴ ጋ ነው ያለሁት። ዝም ብሎ ያየኛል። አጥፍቻለሁ እንኳን አይልም! ውስጧ እንዴት በስብሶ እንደነበር በዓይኑ ይይ። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

የበሰበሰ ነገር አልነበረም። ያ ስስ፣ ንጹሕ ከረጢት ዓይኔ ላይ መጣ።

«ቪዲዮው ለትምህርት ብቻ ነው» አልኳት። «ለቤተሰብም ቢሆን አይሰጥም። ደንብ ነው።»

«እናንተ ታዩታላችሁ?»

«እናያለን።»

«ተማሪዎቹም?»

«ተማሪዎቹም።»

«እንግዲያ የእናቴን ነገር የማያየው የወለደችው ሰው ብቻ ነው ማለት ነው» አለች። ስልክ ቁጥሯን በቁራጭ ወረቀት ጽፋ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጣ ወጣች። በሩን ቀስ ብላ ነው የዘጋችው። ቢያንስ ወርውራው ብትሄድ ይሻለኝ ነበር።

ደሜ ፈላ። መጀመሪያ በልጅቷ፣ ቀጥሎ በባልደረባዬ፣ በመጨረሻ በሁላችንም። «ዘግይታችሁ ነው ያመጣችኋት» የማትባልበት የሆስፒታል ኮሪደር የለም። ብዙ ጊዜ እውነት ናት፣ ለዚህም ነው አፍ ላይ የምትቀለው። እውነት ባልሆነችበትም ቀን ቢሆን የሚከራከር ቤተሰብ የለም፤ በየቤቱ ሁልጊዜ ያዘገየ ሰው አለና። አንዱ ገንዘብ ሲፈልግ፣ አንዱ ጸበል ሲያስጠምቅ፣ አንዱ ነገ ይሻላታል ሲል ቆይቷል። ሐኪሙ ያቺን ተናግሮ ይገባል፣ በር ላይ የቀሩት ሰዎች እርስ በርስ ይተያያሉ፣ ከመሀላቸው አንዱ አንገቱን ይደፋል። ሬሳውን ይዘው ሲሄዱ ጥፋቱንም ይዘውልን ይሄዳሉ።

ባልደረባዬን ልብስ መቀየሪያው ውስጥ አገኘሁት።

«የዚያች ሴት ልጅ መጥታ ነበር» አልኩት።

የየትኛዋ ብሎ አልጠየቀኝም። ኮፍያውን አውልቆ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ።

«ባልዬው ገደላት ብለው አግልለውታል» አልኩት። «ልጁ እንኳን አታናግረውም። አንተ ባልካት ቃል።»

«ምን ልበላቸው ኖሯል?» አለኝ። «ወንድሞቿ በሩን ሞልተውት ነበር። አፌን ስከፍት ያቺ ቃል ናት የወጣችው። ሳስባትም አልነበረ። ሁላችንም የምንላት ናት።»

«ለእኛ እውነቱን ነገርከን እኮ። በሩን ዘግተህ፣ ስክሪኑ አጠገብ ቆመህ።»

«ለእናንተ ይቻላል» አለ። ኮፍያውን በእጁ ጠቅልሎ ቀጠለ። «ንገሪው። ስሜንም ንገሪው። ልክሰስ ካለ ይክሰሰኝ፣ አልደበቅም። አብሬሽ ልሂድ ብል ግን እግሬ እሺ አይለኝም።»

ቪዲዮውን ይዤ ልሂድ ወይ ብዬ አስቤ ነበር። ተውኩት። ያ ቪዲዮ አንዴ ከክፍሉ ከወጣ ሌላ ሐኪም ቪዲዮ ይዞ አይገባም፤ ቀጣዩ ሰው ደግሞ ዋናው ቱቦው ሲቆረጥ የሚያስቆምለት አይኖርም። ይህን አምን ነበር፣ አሁንም አምናለሁ። ቃል ግን የማንም ንብረት አይደለም፤ የእጁ ባለቤትም ፈቅዷል። ሄጄ በአፌ እነግረዋለሁ አልኩ። ሰውየው ነጻ ይወጣል፣ ልጁ ትመለስለታለች፣ እኔም እፎይ እላለሁ። ነገሩ ሁሉ እንዲህ ቀላል መስሎኝ ነበር።

እሑድ እስከ ፈረንሳይ ሰፈር በታክሲ ሄጄ ከዚያ በላይ በእግሬ ወጣሁ። ክረምቱ አልወጣም፣ መንገዱ ጭቃ ነው። ወፍራም ሴት ነኝ፤ በየባሕር ዛፉ ሥር እየቆምኩ እተነፍሳለሁ፣ ከቤተ ክርስቲያን የሚወርዱት ደግሞ «አይዞሽ፣ ደርሰሻል» እያሉ ይዋሹኛል። የአጣና ሻጩን ቤት ስጠይቅ አንዲት ሴት በአገጯ አሳየችኝ፤ አብራኝ ግን አልሄደችም።

ሰውየው ደጃፉ ላይ ጋቢውን ተከናንቦ ተቀምጧል። ረጅም፣ አጥንተ ትልቅ ሰው ነው፤ ልብሱ ሰፍቶታል። ከሆስፒታሉ ነኝ ስለው ብድግ ብሎ በርጩማ አወጣልኝ፣ በጋቢው ጫፍ ጠረገው፣ ገብስ ቆሎ በሳህን ይዞልኝ መጣ። ቆሎው አርሯል። ቤት ውስጥ ሌላ ሰው እንደሌለ ያስታውቃል።

«የረሳነው ዕቃ ኖሮ ነው እንዴ እርስዎ እዚህ ድረስ የለፉት?» አለኝ።

«አይ ጋሼ። አንድ ነገር ልነግርዎ ነው።»

ዞር ዞር ማለት አልችልበትም። ነገርኩት። ባለቤትዎ የሞቱት ስላዘገዩአቸው አይደለም አልኩት። ከረጢታቸው ደህና ነበር፣ የተበላሸ ነገር አልነበረም። ስህተቱ የእኛ ነው፣ የሚቆረጠውን ትተን የማይቆረጠውን ቆረጥን አልኩት። በር ላይ የተባለው ቃል ልክ አልነበረም፣ የተናገረው ሐኪምም ይህንኑ ይናገራል፣ መክሰስ ቢፈልጉ መብትዎ ነው አልኩት። ስናገር ቆሎዋን በጣቴ መሀል እያሸሁ ነበር።

ያለቅሳል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ወይ ይጮህብኛል። እሱ ግን አንድ ነገር እያሰላ እንደሆነ ያስታውቅበታል፤ ዓይኑ መሬቱ ላይ ነው።

«አየሽው ወይ? በዓይንሽ?» አለኝ። «እርስዎ» ማለቱን ተወው።

«በዓይኔ አይቻለሁ። ተቀርጿል።»

«አልበሰበሰም?»

«አልበሰበሰም።»

«ታዲያ ባትወርድስ? እዚሁ ብትቀርስ ኖሮ?»

ይህን ጥያቄ አልጠበቅኩትም። ልጅቷ ስትነግረኝ ሰምቼዋለሁ፤ ማን ይዟት እንደወረደ በጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ አንድም ጊዜ ግን አላሰብኩትም። ያን ሁሉ ዳገት የወጣሁት ይህን ሳላስብ ነው።

«ሕመሙ እየተመላለሰ ያስቸግራቸው ነበር» አልኩ።

«ትሞት ነበር ወይ ነው የምልሽ።»

«አይመስለኝም» አልኩት። «ቢያንስ ያኔ አይሞቱም ነበር።»

«ያ ረቢ» አለ በኦሮምኛ አምላኩን ጠርቶ፣ ለራሱ። ከዚያ ተነሥቶ አጠገቤ መጣና ክንዴን ያዘኝ። አጣና የሚያነሣ እጅ ነው፤ አመመኝ።

«ለልጄ ነገርሻት?»

«ገና ነኝ። መጀመሪያ ለእርስዎ ብዬ ነው። ዛሬውኑ እደውልላታለሁ፣ ትታረቃላችሁ።»

«እንዳትነግሪያት!»

«ጋሼ፣ በእርስዎ እኮ ነው እየፈረደች ያለችው።»

«ትፍረድ» አለ። «ከዚህ ያወረደቻት እሷ ናት። እናቷ አልሄድም ብላ ይሄን መቃን ይዛ ነበር። ይሄውልሽ፣ እዚህ ጋ። ጣቷን ከእንጨቱ ላይ አንድ አንድ እያለች ያላቀቀችው እሷ ናት። ‹እማ፣ ሐኪሞቹ ያድኑሻል› እያለች።»

መቃኑን አየሁት። ተራ የባሕር ዛፍ እንጨት ነው።

«ጥፋቱ የእሷ አይደለም» አልኩ። «የእኛ ነው። እሱን በደንብ አድርጌ አስረዳታለሁ። የተማረች ልጅ ናት፣ ይገባታል።»

«ለአንቺ ገብቶሻል፣ ለእኔም ገብቶኛል» አለኝ። «እሷ ግን ስትተኛ የሚታያት ያ ጣት ነው የሚሆነው። ልጄን አውቃታለሁ። እኔን ጠልታ ትማራለች፣ ታገባለች፣ ትወልዳለች። ራሷን ከጠላች ምን ይዛ ትቆማለች? ተዪያት። እኔ ዘግይቻለሁ። እውነትም ትንሽ ዘግይቻለሁ እኮ።»

ተከራከርኩት። እውነት ሲደበቅ ምን እንደሚያደርግ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም ብዬ ስለማምን፣ እንደ ተማሪ ተቆጣሁት ማለት ይቻላል። ሰምቶኝ ሲያበቃ «በኪዳነ ምሕረት ማይልኝ» አለ። መሐላ አልወድም። አንጀቴን በላው፣ ማልኩለት። ሲሸኘኝ እስከ መንገዱ ድረስ ክንዴን ይዞ ጭቃውን አሻገረኝ። ስለ ክስ አንድ ቃል አላነሣም፣ የሐኪሙን ስምም አልጠየቀኝም።

ልጅቷ ቁጥሬን ከሆስፒታሉ ጠይቃ በሳምንቱ ደወለችልኝ። ሥራ ላይ ነበርኩ፣ ኮሪደሩ ላይ ወጥቼ አነሣሁት።

«ሐሳባችሁን ለወጣችሁ ወይ፣ ዶክተር?»

«አይቻልም። አልተፈቀደም።»

«እሺ ይሁን። እርስዎ ግን አይተውታል አይደል?»

«አይቼዋለሁ።»

«እንግዲያ እርስዎ ይንገሩኝ። ቶሎ ብትመጣ ኖሮ ትድን ነበር አይደል? አባቴ ነው አይደል?»

ከኋላዬ አልጋ እየገፉ ያልፋሉ፣ አንድ ሰው ነርስ ይጣራል። ትንፋሿ በስልኩ ይሰማኛል። አዎ ማለት እውነት አይደለም፤ አይደለም ማለት ደግሞ የዚያን ሰው ሸክም አንሥቼ በእሷ ላይ መጫን ነው።

«አባትሽ ከስቷል» አልኳት። «ብቻውን ነው ያለው። ሄደሽ እይው።»

«ሄደው ነበር?»

«ሄጄ ነበር።»

«ምን አለዎት? አመነ?»

«ዘግይቻለሁ አለኝ።»

«አመሰግናለሁ» አለች፣ ስልኩንም ዘጋችው። ፍርዷ የጸናላት ያን ቀን ይመስለኛል። እኔ ደግሞ ወደ ውስጥ ተመለስኩ፣ ሰው ተኝቶ ይጠብቀኝ ነበር።

ቪዲዮው አሁንም አለ። አዲስ ተለማማጅ ሐኪሞች በመጡ ቁጥር መጀመሪያ የሚያዩት እሱን ነው። ባልደረባዬ አጠገቡ ቆሞ ያስረዳል፤ ቅጽበቷ ስትደርስ ያቆመዋል፣ «ምን ይታያችኋል?» ብሎ ይጠይቃል። ሁልጊዜ አንዱ ይሳሳታል፣ ሁልጊዜ ሌሎቹ ይደነግጣሉ፤ ከዚያ በኋላ ቀዶ ጥገና ክፍል ገብተው ስማቸውን እንደሚጠሩ ሁለቱን ነገሮች ይጠራሉ። ከዚያች ሴት ወዲህ እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ነገር አልደረሰም። አንድ ጊዜ አንዷ ልጅ እጇን አውጥታ «ቤተሰቦቿ ያውቃሉ?» አለች። ባልደረባዬ ወደ እኔ ዞረ። እኔ «ቀጥል» አልኩት።

የልጅቷ አባት ቁጥሬን ከየት እንዳገኘው አላውቅም። በዓል በመጣ ቁጥር ይደውልልኛል። እንኳን አደረሰሽ ይለኛል፣ ጉልበቴን ይጠይቀኛል፣ ዳገቱን ስወጣ ያሳዘንኩት ይመስለኛል። ከዚያ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል።

«አልነገርሻትም አይደል?»

«አልነገርኳትም።»

«መጥታ ታውቃለች?» ብዬ እኔም እጠይቀዋለሁ።

«ኧረ አልመጣችም» ይለኛል። «ደህና ናት አሉ። ማስተማር ጀምራለች። ተባረኪ፣ ልጄ።»